ለባላባቱ የተላከ ቃል

የናቱቫ ባላባት ራቱ ኢሶአ የሞቱት የመጀመሪያውን ዋንጫ ካቫ፣ ያንን ከተወቀጠ ሥር በውኃ የሚታሽ አደንዛዥ መጠጥ፣ ጨልጠው፣ ባዶውን ለአሳላፊው መልሰው፣ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሦስት ጊዜ ካጨበጨበላቸው በኋላ ነው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። እንደ ወጉ ሁለተኛውን ዋንጫ ቃል አቀባያቸው ሳይሩሲ ጠጣ፤ ከዚያ ሌሎቹ በተራ በተራ ቀጠሉ። ዋንጫውን ዘጠነኛው ሰው ጠጥቶ ሲመልስ ባላባቱ ሆዳቸውን ይዘው ወደ ፊት ተደፉና ሰሌኑ ላይ ጥቁር ደም አስመለሱ። ሰው ደግፎ ሊያነሣቸው ሲሞክር እጁ ላይ አለፉ። ከዚያው ገበቴ ዘጠኝ ሰው ጠጥቶ ነበር፤ ከእሳቸው በቀር ስምንቱ ደኅና አድረዋል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኢንስፔክተር ኔማኒ ከፖሊስ ጀልባ ወርዶ፣ ጫማውን በአንድ እጁ ሽርጡን በሌላው ይዞ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ እየረገጠ ወደ ናቱቫ መንደር ወጣ። ዕድሜው ሃምሳ አምስት ግድም፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሲያዳምጥ እንቅልፍ የወሰደው የሚመስል ሰው ነው። ስንቱ ወንጀለኛ ተኝቷል ብሎ ቀባጥሮ እንደተያዘ እሱ ራሱ ቆጥሮት አያውቅም።

የኔማኒ መንደርና ናቱቫ በድሮ ዘመን አንድ አምላክ ያመልኩ ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም የሜቶዲስት ክርስቲያኖች ናቸው። እንዲህ ያለ ዝምድና ያላቸው ሰዎች የፈለጉትን ይሰዳደባሉ፣ አንዱ የሌላውን ዶሮ አርዶ ይበላል፣ ቅር ተሰኘሁ ማለት ነውር ነው። ሌላ መርማሪ በሦስት ቀን ደፍሮ የማይጠይቀውን ኔማኒ ገና እግሩን ሳያደርቅ ይጠይቃል።

ሳይሩሲ የባሕሩ ዳር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ረጅም፣ ሽበቱ የሚያምር፣ ድምፁ ሞቅ ያለ ሰው ነበር። ከአባት ከአያቱ ጀምሮ የናቱቫ ባላባቶች ቃል አቀባይ ከእሱ ቤት አይወጣም። ለባላባቱ የሚነገር ነገር ሁሉ በእሱ በኩል ይገባል፣ የባላባቱም መልስ በእሱ በኩል ይወጣል። ኔማኒ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሥራ ሲመጣ የሚያድረው በእሱ ቤት ነበር፤ የኔማኒን ሴት ልጅ ሠርግ የመረቀውም ይኸው ሰው ነው።

«የዶሮ ሌባው መጣ» አለ ሳይሩሲ፤ ቀልዱ ግን አፉ ውስጥ ተሰበረ።

«የናንተ ዶሮ ምን ሥጋ አለው» አለ ኔማኒና አቀፈው። ሳይሩሲ ትከሻው ላይ አለቀሰ።

«ባላባቴን ገደሉብኝ፣ ኔማኒ።»

«ማን?»

«እኔ ስም አልጠራም። መንደሩ የሚለውን ራስህ ትሰማለህ።»

መንደሩ የሚለው አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ኬሌራ። የባላባቱ ሁለተኛ ሚስት ናት፤ ከሰሜን ደሴቶች መጥታ ካገባቻቸው አራት ዓመቷ ነው። የካቫውን ሥር ለባሏ የምትወቅጠው እሷ፣ የምታበስልላቸውም እሷ። ከፋሲካ ወዲህ ከምግባቸው የኮኮናት ወተት ከልክላ ቅጠል እየቀቀለች ታጠጣቸው ነበር፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ እየከሱ ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ማታውኑ መከሩና ሬሳው አጠገብ እንዳትቀመጥ አገዱ። ኔማኒ ሌላ ነገር ካላገኘ ነገ ጠዋት፣ ከቀብሩ በፊት፣ በፖሊስ ጀልባ ተጭና ትሄዳለች። እስከዚያው ማድ ቤት ውስጥ ተዘግቶባት ነበር።

ኔማኒ መጀመሪያ ሬሳውን ማየት ፈለገ። ባላባቱ በተነጠፈው ሰሌን ላይ ገና ሳይገነዙ ተኝተዋል። የእግራቸው ቆዳ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ተቀርፎ ነጭ ቅርፊት አውጥቷል። ይህ ምንም አልደነቀውም፤ አዘውትሮ ካቫ የሚጠጣ ሰው ቆዳ ይኸው ነው፣ በናቱቫ ያልተቀረፈ ወንድ ማግኘት ይከብዳል። ከዚያ ክንዳቸውን አነሣ፤ አጥንት ብቻ። ሆዳቸውን ነካ፤ ያበጠና የተወጠረ። በመጨረሻ የዓይናቸውን ቆብ በአውራ ጣቱ ገለጠ። ነጭ መሆን የነበረበት ሁሉ እንደ እርድ ቢጫ ነበር።

«ሳይሩሲ» አለ ሳይዞር፣ «ይህ ዓይን ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ምሽት ላይ ነው የምንገናኘው፤ ብርሃኑ ደካማ ነው» አለ ሳይሩሲ። «እኔ አላስተዋልኩም።»

ኔማኒ ቆቡን ቀስ አድርጎ መለሰ። ትናንት የተሰጠ መርዝ ዓይንን ቢጫ አያደርግም፣ ክንድንም አያከሳም። እኚህ ሰው ለመሞት ወራት ፈጅተዋል። ታዲያ በነዚያ ወራት ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ወይ?

ዋይሳኬን ከገበቴው አጠገብ አገኘው። ካቫውን የሚያሸው፣ ዋንጫውንም የሚያሳልፈው እሱ ነው። ቅርፊቱ ከእጁ አልፎ ክርኑ ድረስ ወጥቷል፤ ዓይኑም ቀልቶ ነበር።

«ሂድ፣ ልብስህን ለውጥ» አለው ኔማኒ። «ቆዳህ እያለቀ ነው፣ ከሥር ሌላ ከለበስክ አላውቅም።»

«ያንተ አባት በእኔ ዕድሜ እባብ ይመስል ነበር ይባላል» አለ ዋይሳኬ፤ ትንሽም ቢሆን ፈገግ አለ።

«የትናንቱ ዱቄት ተርፏል?»

ተርፎ ነበር። ኔማኒ ዘረገፈውና በጣቱ አሸው፣ አሸተተው፣ ቀመሰው። አንዳንድ ስስታም ሰው እንደሚያደርገው ግንድና ልጣጭ አልተቀላቀለበትም፤ ጥሩ ሥር፣ በደንብ የደረቀ፣ በትዕግሥት የተወቀጠ። ዋይሳኬ በውኃ እንዲያሸው አዘዘና መንደሩ በር ላይ ቆሞ እያየ አንድ ሙሉ ዋንጫ በአንድ ትንፋሽ ጠጣ። ምላሱና ከንፈሩ ደነዘዙ፤ ሌላ የሆነ ነገር አልነበረም።

«አሁን የማታውን አቀማመጥ ንገረኝ» አለ አፉን እየጠረገ። «ማን ስንት ይጠጣል?»

ዋይሳኬ የእያንዳንዱን ሆድ ልክ ያውቃል። ባላባቱ ጤነኛ ሳሉ እስከ ሃያ ዋንጫ ይጠጡ ነበር፤ በመጨረሻው ጊዜ እንኳ ከአሥር አላነሱም። ሌሎቹ እንደ አቅማቸው። ሳይሩሲ ግን አንድ ብቻ።

«ሳይሩሲ? አንድ?»

«የግዱን ሁለተኛዋን ዋንጫ ይጠጣና ወደ መዘምራን ልምምድ ይሄዳል። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ነው። ሲዘምር የፍየል ጩኸት የሚሻለው ሰው፣ ድንገት መዝሙር አማረው።» ዋይሳኬ ራሱን ነቀነቀ። «ድሮ ገበቴውን ገልብጠን ሳናሳየው አይነሣም ነበር።»

ዛሬ ጠዋት ሲተቃቀፉ የሳይሩሲ እጅ የኔማኒን ማጅራት ነክቶት ነበር፤ የእጁ ልስላሴ ትዝ አለውና ሳይወድ በግድ ልቡ ውስጥ አስቀመጠው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም አፔኒሳ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ የመቃብሩን ቦታ ሲያስለካ ነበር። ሃይማኖቱ ሌላ ነው፤ ካቫ፣ ቢራም ሆነ ትምባሆ አይነካም። በገና በዓል በሕዝብ ፊት ወንድሙን «ይህ ገበቴ መቃብርህ ነው» ብሎ እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያስታውሳል። ኔማኒም ሳይሸፋፍን ጠየቀው፤ ወንበሩን የምትወርሰው አንተ ነህ፣ ዝተሃል፣ አሁን ምን ትላለህ አለው።

«ዛቻ አልነበረም። ፍርሃት ነው» አለ አፔኒሳ። «ያኔ ምን ብሎ መለሰልኝ መሰለህ? 'ሐኪም ተው ያለኝ ቀን እተዋለሁ። የማይጠጣ ባላባት ደግሞ እዚያ ሰሌን ላይ ምን ይሠራል? ወንበሩን ለአንተ አስረክቤ ዓሣዬን አጠምዳለሁ' አለኝ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ሐኪም ዘንድ ሄዱ ወይስ አልሄዱም?»

«ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በፊት ማዶ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ሳይሩሲ ነው የወሰደው። ሲመለሱ ሳይሩሲ በጉባኤው ቆሞ ተናገረ። ሐኪሟ ደማቸውን አይታ ደኅና ናቸው ብላለች፣ ጥቂት ዕረፍት ብቻ ያስፈልጋቸዋል አለ። እኔም አመንኩ። ሐኪም ካለች እኔ ማን ነኝ?»

«ባላባት ብትሆን ኖሮ መጀመሪያ ምን ታደርግ ነበር?»

አፔኒሳ አላመነታም። «ገበቴውን አነሣዋለሁ። ደግሞም ሰው የሚለውን ፊት ለፊቴ ይንገረኝ፤ በመካከል የሚያወራልኝ አላቆምም። ይህን ለሳይሩሲም ነግሬዋለሁ።»

የማድ ቤቱን በር ሲከፍቱለት ኬሌራ ከምድጃው ርቃ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። አርባ ዓመት አይሞላትም። አልተነሣችም።

«እትዬ ኬሌራ፣ የኮኮናት ወተት ለምን ከለከሏቸው?» አላት ኔማኒ ራቅ ብሎ እየተቀመጠ።

«ሐኪሟ አዝዛ ነዋ።»

«ከእርስዎ ጋር ተነጋግራለች?»

«ከእኔ ጋር ማን ይነጋገራል? ሚስት ጤና ጣቢያ አትከተልም፤ ቃል አቀባይ እያለ ምን ልታደርግ? ሳይሩሲ ነው የነገረኝ። ጎደሬ እየላጥኩ ጓሮ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። 'ሐኪሟ የኮኮናት ወተትና ቅባት ይቅር፣ የፓፓያ ቅጠል ቀቅለሽ ስጪ ብላለች፤ ለሰው አታውሪ፣ ባላባት ታሟል ሲባል ደስ አይልም' አለኝ። ወንድሜ ይመስለኝ ነበር። እዚህ መንደር ስመጣ ስሜን ጠርቶ ሰላም ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።» ወደ እጇ አቀርቅራ ቆየች። «ባሌ ዓሣ በኮኮናት ወተት እንደ ነፍሱ ይወድ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ለመነኝ። አምስት ወር ሙሉ እንቢ አልኩት፤ ላድነው ብዬ።»

«ካቫውንስ? ስለ ካቫ ሳይሩሲ አላነሣም?»

«ጠይቄዋለሁ። እሱ ደኅና ነው አለኝ። ምግብ ሲያስጠላው፣ ሲያጥወለውለው፣ ቆዳው ሲያሳክከው፣ ያው ትንሽ ዱቄት ቀነስኩለት እንጂ ምን ላድርግ?»

«ትናንት ሲከሱዎት ሳይሩሲ እዚያ ነበር?»

«እፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። 'እኔ ነኝ የነገርኳት' ይላል ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት። ንግግር እንጀራው የሆነ ሰው አንዲት ቃል አልወጣውም።»

ኔማኒ ወጥቶ ብቻውን ወደ ኮረብታው አቀና። በናቱቫ ስልክ የሚሠራው ከላይ፣ ከትልቁ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ብቻ ነው። ማዶ ጤና ጣቢያ ደውሎ ዶክተር ቪኒያናን አገኛት። ከሩብ ሰዓት በላይ አወሩ፤ እሱ ብዙውን አዳመጠ፣ ማስታወሻው ላይ ጥቂት መስመር ጻፈ፣ አንድ ጥያቄ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ወዲያው አልወረደም። ሠላሳ ዓመት ሲሠራ ያገኘውን መልስ ባላገኘሁት ብሎ የተመኘው በጥቂት ቀን ነው፤ ይህ አንዱ ነበር። ሃያ ዓመት ያደረበትን ቤት ጣሪያ ከላይ ሆኖ አየውና ልቡ መረረ።

ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም በጉባኤው ቤት ሰበሰባቸው። ትናንት የጠጡት ስምንቱ፣ አፔኒሳ፣ ሽማግሌዎቹ። ሬሳው ከጎን ባለው የባላባቱ ቤት ሲሆን በሩ ወደዚህ ክፍት ነበር። ኔማኒ ኬሌራን ራሱ ይዟት ገባና ከፊት አስቀመጣት። አንድ ሽማግሌ አጉረመረመ።

«ዝም በል፣ አንተ የደረቅህ ጎደሬ» አለው ኔማኒ፤ ሽማግሌው እንደ ወጉ ከመሳቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም። «አሁን ሁላችሁም እጅጌያችሁን ሰብስቡ፣ እግራችሁን ዘርጉ። አፔኒሳ አንተ አትጠጣም፣ ተወው። ሌላው ያሳይ።»

እያሳፈራቸው ዘረጉ። በየእግሩ ላይ ቅርፊቱ ይታያል፤ የአንዱ ቀላል፣ የሌላው እንደ ዋይሳኬ የከፋ። የሳይሩሲ እግር ብቻ ለስላሳ ነበር፤ አዲስ ቆዳ ለብሶ ከሃምሳ ዓመት ሰው እግር የማይጠበቅ ብርሃን ይዟል።

«በዚህ እግር ጎረምሶች ይቀኑብሃል» አለ ዋይሳኬ። ማንም አልሳቀም።

ኔማኒ መካከል ላይ ተቀመጠ። «ራቱ ኢሶአን የገደለ መርዝ የለም። ያንኑ ዱቄት እኔም ዛሬ ፊታችሁ ጠጥቻለሁ። ዓይናቸው ቢጫ ነው፣ ሆዳቸው በውኃ አብጧል፣ ደም አስመልሰዋል። የሞቱት በጉበት ነው። ጉበት ደግሞ በአንድ ማታ እንዲህ አይሆንም።»

«እኛም እንጠጣለን፤ ለምን እኛ አልሞትንም?» አለ አንዱ።

«እኔም ሐኪሟን ይህንኑ ጠየቅኋት። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ጠጥቶ ቆዳው ይቀረፋል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ይከሳል፣ ጠዋት አልነሣ ይላል፤ እርሻችሁን ያየ ይመሰክራል። ሲተወው ቆዳው በሳምንታት ይመለሳል። ጉበቱ ቀድሞ የታመመ ሰው ግን ሌላ ነው። ኢሶአ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሳያውቁት የያዙት የጉበት በሽታ ነበረባቸው። ከፋሲካ በፊት ደማቸው ሲመረመር ተገኘ። ለእሳቸው እያንዳንዱ ዋንጫ አደጋ ነበር፤ ለራስ ምታት የሚውጡት ክኒን ሲጨመርበት ደግሞ ባሰ።»

አፔኒሳ ብድግ አለ። «ሐኪሟ ደኅና ናቸው ብላለች ተብሏል።»

«ተቀመጥ፣ እዚያ ላይ ነው የምደርሰው። ሐኪሟ ከዚሁ ደሴት ናት፤ እናቷ በሥርዓት አሳድጋታለች። 'ጋሼ፣ እኔ ባላባት ፊት ቆሜ በሽታህ ይህ ነው ልል አልችልም' አለችኝ። ስለዚህ ቃል አቀባዩን ለብቻው አስገብታ ሁሉን ነገረችው፤ ደብዳቤም ጽፋ ሰጠችው። ግልባጩ እጇ ላይ አለ። ለኢሶአ የተላከው ቃል እዚህ አዳራሽ ሲደርስ ተለውጦ ነበር።»

ሰው ሁሉ ወደ ሳይሩሲ ዞረ። ሳይሩሲ ሽርጡን እግሩ ላይ መለሰ።

«እኔ የሰማሁትን ነው ያቀበልኩት» አለ በዚያ ሞቅ ባለ ድምፁ። «ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ተደነባብራ ይሆናል። ቅባት ይቅር ማለቷን አስታውሳለሁ።»

«ስለ ኮኮናት ወተት አንዲት ቃል አልተናገረችም። ቅባት ይቅር ብላለች ካልክ ግን ለኬሌራ የነገርካት አንተ ነህ ማለት ነው። ትናንት በዚሁ ነገር ሲከሷት ለምን ዝም አልክ?»

ሳይሩሲ ወደ ኬሌራ አየ። ኬሌራ አላየችውም።

«ወደ እግርህ ልምጣ» አለ ኔማኒ። «ካቫ የቀነስከው ከጤና ጣቢያ በተመለሳችሁበት ሳምንት ነው።»

«ለመዘምራን ነው። ለድምፄ ብዬ። ይህ ኃጢአት ነው?»

«አይደለም። እኔም ይህንኑ ለማመን ፈልጌ ነበር።» ኔማኒ ማስታወሻውን አወጣ፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «ይህን ሐኪሟን ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ስለ ባላባትህ ሰምተህ ስትጨርስ ወንበሩ ላይ ቆየህ። 'እኔስ? እኔም ሠላሳ ዓመት ጠጥቻለሁ' አልካት። ደምህን ወሰደች። በሳምንቱ ውጤቱን ልትሰማ ብቻህን በጀልባ ተመልሰህ ሄድክ። ጉበትህ ደኅና ነው፣ ግን ቀንስ አለችህ። ቀነስክ። የተናገረችውን አምነሃታል፣ ሳይሩሲ። ለራስህ አምነህ ተጠቀምክበት። አንተ ቆዳህ ሲለሰልስ፣ እሳቸው ከአንተ በፊት የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲጨልጡ አንተ እያጨበጨብክ ነበር።»

 ዋይሳኬ ያንን ዋንጫ በየምሽቱ የሰጠበትን እጁን ከጭኑ ሥር ደበቀው።

ሳይሩሲ ሲናገር ወደ ኔማኒ አልነበረም፤ ወደ ሰሌኑ ነበር።

«ያን ሰሞን ትልቅ ጉባኤ እዚህ መንደር ሊደረግ ነበር። ከየደሴቱ እንግዳ ይመጣል። ያ ይለፍና እነግራቸዋለሁ አልኩ። ባላባት የማይጠጣበት አዳራሽ ውስጥ እንዴት እንግዳ እንቀበላለን? ለኬሌራ ቅባት ይቅር ያልኳትም ያ እንኳ ቢረዳቸው ብዬ ነው። ከዚያ ጉባኤው አለፈ፤ ነገ አልኩ። ካቫውን ከተዉ ወንበሩ ለአፔኒሳ ነው፤ እሱ ደግሞ ቃል አቀባይ እንደማያስፈልገው ነግሮኛል። አባቴ፣ አያቴ፣ የአያቴ አባት እዚህ ቦታ ተቀምጠዋል። እኔ ላይ ሊያልቅ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ያን ጊዜ ብነግራቸው 'መቼ ሰማህ?' ይሉኝ ነበር። ምን ብዬ ልመልስ?»

«ስለዚህ ይሙት አልክ» አለ አፔኒሳ።

«እንዲህ ብዬ አስቤ አላውቅም።»

«ሳታስብ ነው የገደልከው?»

ኔማኒ እጁን አንሥቶ አፔኒሳን አስቆመው። ይህን ሕጉ ምን ብሎ እንደሚጠራው ዳኛ ይወስናል አለ፤ የእሱ ሥራ ሰውየውን ማድረስ ነው። ከዚያ ለፖሊስ የማይገባውን አደረገ፤ ሳይሩሲን በወዳጅነት ሳናግርህ ይህ የመጨረሻዬ ነው፣ እንደ ፖሊስ ከማናገርህ በፊት የምትለው ካለ በል አለው። ይህን ሲል የተቆጣው በሳይሩሲ ብቻ አልነበረም። እሱም ዛሬ ጠዋት ያንን ሰው አቅፎ አጽናንቶት ነበር።

ሳይሩሲ ተነሥቶ ወጣና ከቤቱ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ ተመለሰ፤ ያረጀ፣ በዘይት ታሽቶ የቀላ፣ ገመዱ የተጎነጎነ። እንዲህ ያለ ጥርስ ይቅርታ ተብሎ ቀርቦ ከተነሣ በደሉ ተዘጋ ማለት ነው፤ ደግሞም መመለስ ነውር ነው። በጉልበቱ እየሄደ መጥቶ ኬሌራ እግር ሥር አስቀመጠውና ተደፋ።

ሁሉም ጠበቀ። ጥርሱን የተበደለው ሰው በእጁ አያነሣም፤ የዚያ ቤት ቃል አቀባይ ነው አንሥቶ ስለ ቤቱ የሚናገረው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የዚያ ቤት ቃል አቀባይ ሰሌኑ ላይ ተደፍቶ ነበር።

«ቀና በል» አለች ኬሌራ። «በእኔና በአንተ መካከል የሚናገር ሰው የለም።»

ቀና አለ።

«ሐኪሟ ያለችህን ንገረኝ። እሱ ሳይሰማው የሞተውን እኔ ልስማው። አንዲት ቃል አትቀንስ።»

ሳይሩሲ ተናገረ። ሞቅ ያለው ድምፁ የለም፤ የወጣው ቀጭንና ደረቅ ነበር።

«'ለባላባታችን በአክብሮት ይድረስልኝ' አለች። 'ካቫውን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ጊዜው አላለፈም። ከተዉት ብዙ ዓመት ይኖራሉ።'»

 «ሰማሁ» አለች ኬሌራ። ተነሥታ ጥርሱን ሳትነካ በአጠገቡ አለፈች፣ በክፍቱ በር ገብታ ባሏ ራስጌ ተቀመጠች፤ የሚከለክላት አልነበረም።